በአሉም የታከመ ውሃ፦ ፍሎራይዱ ወረደ ወይስ መለኪያው አላየውም?

አዋሽ_ላብ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ከአዳማ በስተደቡብ ስላለ አንድ የመንደር ውሃ ማከሚያ ነው። የጥልቅ ጉድጓዱ ውሃ በአሉም (በአሉሚኒየም ሰልፌት) እና በኖራ ይታከማል፣ ማለትም በናልጎንዳ ዘዴ። ንባቦቹ እነዚህ ናቸው።

ጥሬው ውሃ፦ በስፓድንስ (ፍሎራይድን በቀለም መፍዘዝ በሚለካው ዘዴ) 10 ጊዜ ቀጥኖ 8.4 ሚ.ግ/ሊ፣ በፍሎራይድ ኤሌክትሮድ 8.5።
የታከመው ውሃ፦ በስፓድንስ 0.8። በኤሌክትሮድ ቲሳብ (ከመለካት በፊት ናሙናው ላይ የሚጨመረው በፈር፣ ማለትም ፒኤች ማረጊያ) በገባ በ5ኛው ደቂቃ 2.3። ያው ድብልቅ አድሮ ሲለካ 3.1።

ጥሬው ላይ ሁለቱ ይስማማሉ፣ የታከመው ላይ ግን አንዱ ጠጡ ይላል፣ ሌላው አትጠጡ። ወሰኑ በዓለም ጤና ድርጅትም በአገሩ ደረጃም 1.5 ነው። የቱ ነው ሪፖርት ላይ የሚገባው? የኤሌክትሮዱ ስሎፕ (ፍሎራይዱ 10 እጥፍ ሲሆን ንባቡ የሚለወጥበት ሚሊቮልት) -57.6 ነው፤ ስታንዳርዶቹ የሳምንቱ ናቸው፤ ናሙናው አልተጣራም።

ስፓድንስ570፦
0.8ን ተወው፣ ውሃው ውስጥ የቀረ አሉሚኒየም አለ። የስፓድንስ ቀይ ቀለም የሚሠራው ዚርኮኒየም ቀለሙን ስለያዘ ነው፤ ፍሎራይድ ዚርኮኒየሙን ሲነጥቅ ቀለሙ ይፈዛል፤ 570 ናኖሜትር ላይ የምናነበው ያንን መፍዘዝ ነው። አሉሚኒየም ካለ ፍሎራይዱን ቀድሞ ይይዘውና ቀለሙ ሳይነካ ይቀራል። መጠኑም ትንሽ አይደለም፦ 0.1 ሚ.ግ/ሊ አሉሚኒየም ንባቡን በ0.1 ገደማ ያወርዳል። ከብረት ጋር አወዳድረው፤ ያንኑ 0.1 ለማሳሳት ብረት 10 ሚ.ግ/ሊ ያስፈልገዋል።

ዛሬውኑ የሚሠራ ፈተና፦ 10.0 ሚሊሊትር ናሙና፣ 2.00 ሚሊሊትር ሪኤጀንት፣ በ1 ደቂቃ አንብብ፣ ኩቬቱን ሳትደፋ በ15 ደቂቃ ድገመው። ንባቡ ከፍ ካለ አሉሚኒየም ነው። 2 ሰዓት ብታቆየው እስከ 3 ሚ.ግ/ሊ አሉሚኒየም ያለው ናሙና ራሱን ያስተካክላል። ብላንኩም (ፍሎራይድ የሌለበት ማነጻጸሪያ) አብሮ 2 ሰዓት መቆየት አለበት። ያንተ ናሙና ሲለቅ ከ2.00 ክልል ስለሚያልፍ ከመጀመሪያው በእኩል ዲስቲልድ ውሃ አቅጥነው።

ሪኤጀንቱን በመለኪያ ሲሊንደር የሚጨምር ሰው ካለ ደግሞ እዚያው ላይ ያቁም። ሪኤጀንቱ ራሱ ቀለም ስለሆነ 0.05 ሚሊሊትር መብዛቱ እንደ ፍሎራይድ መቀነስ ይነበባል። ፒፔት፣ ለብላንኩም ለናሙናውም ያው ፒፔት።

አዋሽ_ላብ፦
አመሰግናለሁ። ናሙናውን 10 ጊዜ አቅጥኜ ብለካው አሉሚኒየሙም አይቀንስም ነበር? ጥሬው ላይ እንደዚያ ነው የተሠራው።

ስፓድንስ570፦
ይቀንሳል፣ ግን ውጤቱን መልሰህ በ10 ስታባዛ ስህተቱም አብሮ ይባዛል። ማቅጠን ክልል ያስተካክላል፣ አሉሚኒየም አያስወጣም።

ላንታነም፦
እስካሁን ማንም ያልጠየቀው ነገር አለ፦ የታከመው ውሃ ፒኤች ስንት ነው?

አዋሽ_ላብ፦
8.3።

ላንታነም፦
እንግዲያው ነገሩ ተገለጠ። በ8.3 አሉሚኒየም ሙሉ በሙሉ አይዘቅጥም፣ አሉሚኔት ሆኖ ይሟሟል። በዚህ ፒኤች ሃይድሮክሳይዱ ስለሚያሸንፍ አሉሚኒየሙና ፍሎራይዱ ተለያይተው ነው ውሃው ውስጥ ያሉት። የሚጣበቁት አንተ አሲድ ስትጨምርባቸው ነው። ስፓድንስ ጠንካራ አሲድ ነው፣ ቲሳብም ፒኤቹን ወደ 5.3 ያወርደዋል። ስለዚህ ፍሎራይዱ የሚደበቀው ኩቬቱና ቢከሩ ውስጥ ነው። የሚጠጣው ሰው ግን የሚያገኘው ሙሉውን ነው።

2.3 ወደ 3.1 የወጣውም ለዚህ ነው። ቲሳብ ውስጥ ያለው ሲዲቲኤ አሉሚኒየሙን ከፍሎራይዱ ይነጥቃል፣ ግን ቀርፋፋ ነው። በ5 ደቂቃ ግማሹን መንገድ አይሄድም። አድሮም ጨርሶ እንደሆነ እርግጠኛ አትሁን። በሁለተኛው ቀን ለካው፤ አሁንም ከወጣ 3.1 ወለል እንጂ ጣሪያ አይደለም።

ቲሳቡ እንዴት እንደተዘጋጀ አልጻፍክምና መደበኛውን ላስቀምጥ፦ 500 ሚሊሊትር ዲስቲልድ ውሃ፣ 57 ሚሊሊትር ግላሻል አሴቲክ አሲድ፣ 58 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ፣ 4 ግራም ሲዲቲኤ። ቢከሩን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጠህ 6 ኖርማል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቀስ እያልክ ጨምር፤ ወደ 125 ሚሊሊትር ይፈጃል፤ ፒኤቹ 5.0 እና 5.5 መካከል ሲሆን አቁም። ሲበርድ 1 ሊትር ሙላ። ሲዲቲኤው በአሲዱ ውስጥ አልሟሟ ብሎ ታች ይቀመጣል፤ ሃይድሮክሳይዱ ሲገባ ይሟሟል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተበላሸ ብሎ አጣርቶ ይጥለዋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቲሳብ በፈር ብቻ ነው፣ አሉሚኒየም አይዝም። ያንተም እንደዚያ ሆኖ እንደሆነ አጣራ።

ስታንዳርድ፦ በ105 ዲግሪ የደረቀ ሶዲየም ፍሎራይድ 0.221 ግራም በ1 ሊትር፣ 100 ሚ.ግ/ሊ ፍሎራይድ ይሆናል። ከዚህ 0.5፣ 1፣ 5 እና 10 ሚሊሊትር እያነሳህ ወደ 100 ሚሊሊትር አድርስ፤ ስታንዳርዶችህ 0.5፣ 1፣ 5 እና 10 ናቸው። ማስቀመጫው ፕላስቲክ ይሁን። 25 ሚሊሊትር ስታንዳርድ ከ25 ሚሊሊትር ቲሳብ፤ ናሙናውም ልክ እንዲሁ። ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ለካ፤ 10 ላይ ቆይቶ ወደ 0.5 የተመለሰ ኤሌክትሮድ ለረጅም ጊዜ ከፍ አድርጎ ያነባል።

አዋሽ_ላብ፦
ሲዲቲኤው ተጣርቶ ሊሆን ይችላል፣ አዲስ ይዘጋጃል። ግን ሲዲቲኤ ለማግኘትም አስቸጋሪ ነው፣ ውድም ነው። ኢዲቲኤ ይተካዋል?

ላንታነም፦
አይተካውም። ኢዲቲኤ አሉሚኒየምን በክፍል ሙቀት የሚይዘው በጣም እየተጎተተ ነው፤ ካልፈላ አይሠራም፣ ፈልቶ ደግሞ ለፍሎራይድ ልኬት አይመችም። ለአንተ ናሙና ከሲዲቲኤም የሚሻለው ታርትሬት ያለው ቲሳብ ነው፦ 500 ሚሊሊትር ውሃ፣ 84 ሚሊሊትር ኮንሰንትሬትድ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ 242 ግራም ትሪስ፣ 230 ግራም ሶዲየም ታርትሬት፤ ሲሟሟና ሲበርድ 1 ሊትር ሙላ። ፒኤቹ 8 አካባቢ ነው፤ በዚያ ላይ ታርትሬቱ አሉሚኒየሙን ስለሚይዘው ፍሎራይዱ ነፃ እንደሆነ ይቆያል። ናሙናና ቲሳብ እኩል በእኩል፣ 1 ሰዓት ጠብቅ።

ትሪስ ከሌለ 1 ሞላር ሶዲየም ሲትሬት ሞክር፦ 294 ግራም ዳይሃይድሬት በ1 ሊትር፣ 58 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ ጨምረህ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤቹን ወደ 6 አውርድ። ከታርትሬቱ ትንሽ ይዘገያል፣ ግን ርካሽ ነው። ቲሳብ በቀየርክ ቁጥር ካሊብሬሽኑ እንደገና ይሠራል። በድሮው ቲሳብ የተሠራ ኩርባ ላይ በአዲሱ ቲሳብ የተነበበ ሚሊቮልት ማስቀመጥ ቁጥር መፍጠር ነው።

ቢከር_በቀን40፦
ኤሌክትሮዱ ላይ የምጨምረው አለ። ከስሌት ልጀምር፣ ብዙ ሰው መሣሪያው የሰጠውን ብቻ ስለሚያምን። 1 ሚ.ግ/ሊ ላይ 102.0 ሚሊቮልት፣ 10 ላይ 44.0 ካነበብክ ስሎፑ -58.0 ነው። ናሙናው 74.2 ካሳየ፦ 102.0 ሲቀነስ 74.2፣ 27.8። ለ58.0 ሲካፈል 0.479። 10 በ0.479 ከፍ ሲል 3.0 ሚ.ግ/ሊ። ከዚህ የምታየው የ1 ሚሊቮልት መዋዠቅ 4 በመቶ ስህተት እንደሆነ ነው። ስለዚህ በ10 ሰከንድ የተነበበ ነገር አትጻፍ። ከ1 ሚ.ግ/ሊ በላይ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ፣ ከዚያ በታች እስከ 5 ደቂቃ ጠብቅ።

ንባብ የሚያዋዥቁ ነገሮች በተደጋጋሚ የሚታዩት እነዚህ ናቸው። ማግኔቲክ ስተረሩ ይሞቅና ቢከሩን ያሞቃል፤ ከሥሩ ቁራጭ ፎም አድርግ። ክሪስታሉ ሥር የአየር አረፋ ይቀመጣል፤ ኤሌክትሮዱን ትንሽ አዘንብለህ አስገባው። የሪፈረንሱ መሙያ ቀዳዳ ተዘግቶ ይረሳል። የሪፈረንሱ ፈሳሽ ከናሙናው ከፍታ በታች ከሆነ ደግሞ ናሙናው ወደ ውስጥ ይገባል።

ስሎፑ ከ-54 በታች ከደከመ ኤሌክትሮዱን ከመጣልህ በፊት ክሪስታሉን ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ አንድ ደቂቃ ያህል አሽተህ በደንብ እጠበው። ቀልድ አይደለም፤ ሳሙናው ለስላሳ አሸዋ አለው፣ ፍሎራይዱም ክሪስታሉን አይጎዳም።

ማጣሪያ045፦
«ናሙናው አልተጣራም» ያልከው ላይ ልቁም። ከአሉም ህክምና የወጣ ውሃ ውስጥ በዓይን የማይታይ ፍሎክ ይንሳፈፋል። ፍሎኩ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ነው፣ የወሰደው ፍሎራይድም እላዩ ላይ ነው። አሲድ ሲነካው ይሟሟና ሁለቱንም ይለቃል። ውሃው ውስጥ የተሟሟውን ለማወቅ ከፈለግክ በ0.45 ማይክሮን ማጣራት ግድ ነው፣ ያውም ናሙናው እንደተወሰደ፣ ሳያድር።

ስፓድንስ570፦
በዚህ አልስማማም። የመንደሩ ሰው በ0.45 ማይክሮን አጣርቶ አይጠጣም። ፍሎኩን ከነፍሎራይዱ ይውጠዋል፣ ጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድ ደግሞ ፍሎኩን ሊያሟሟው ይችላል። ለጤና ሪፖርት ያልተጣራው ነው የሚለካው።

ማጣሪያ045፦
ለጤና ሪፖርት አዎ። ግን ማከሚያውን ለማስተካከል ያልተጣራው ብቻውን ምንም አይነግርህም። 3.4 ካነበብክና የተጣራው 1.2 ከሆነ ኬሚካሉ ሠርቷል፣ የጎደለው የአሸዋ ማጣሪያው ነው። ሁለቱም 3.4 ከሆኑ ደግሞ አሸዋውን ብትቀይር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ችግሩ ዶዙ ወይም ፒኤቹ ነው። ሁለቱንም ለካ፣ ሁለቱንም ጻፍ።

ስፓድንስ570፦
እሱ ልክ ነው።

ኖራና_አሉም፦
ከህክምናው በኩል። በናልጎንዳ መመሪያ ኖራ የአሉሙን ሃያኛ ያህል ይጨመራል ተብሎ ስለተጻፈ ሁሉም ይጨምራል። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ግን ከሌላው የተለየ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚመጣ፣ ሶዲየም ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ውሃ ነው፤ ፍሎራይዱም የበዛው ካልሲየም አንሶ ካልሲየም ፍሎራይድ ሆኖ መዝቀጥ ስላልቻለ ነው። 1 ሚ.ግ አሉም 0.45 ሚ.ግ ያህል አልካሊኒቲ (የውሃው አሲድ የመቋቋም አቅም) ይበላል። 600 ሚ.ግ/ሊ አሉም ብትጨምር 270 ይበላል። ውሃህ 500 አልካሊኒቲ ካለው ኖራው ምን ሊሠራ ገባ? ፒኤቹን ወደ 8.3 አወጣው፣ አሉሚኒየሙን አሟሟው፣ ፍሎራይዱንም ከፍሎኩ አላቀቀው።

ጃር ቴስት ሥራ። 10 ግራም አሉም በ100 ሚሊሊትር ውሃ አሟሟ፤ ከዚህ 1 ሚሊሊትር በ1 ሊትር ውሃ ላይ 100 ሚ.ግ/ሊ ማለት ነው። አምስት ቢከር፦ 2፣ 4፣ 6፣ 8 እና 10 ሚሊሊትር፣ ያለ ኖራ። 1 ደቂቃ በፍጥነት፣ 15 ደቂቃ በቀስታ አማስል፣ 1 ሰዓት አስቀምጥ። ከላይ ያለውን በጥንቃቄ ቅዳና ፒኤች፣ አሉሚኒየምና ፍሎራይድ ለካ። ፒኤቹ 6.5 አካባቢ የሚያርፍበትን ዶዝ ፈልግ። ከ6 በታች ከወረደ ብቻ ነው ኖራ የሚገባው፣ እሱም በጠብታ።

አንድ ሌላ ነገር፦ ዝቃጩ ላይ ውሃው እንዲያድር አትተው። ዝቃጩ የያዘውን ፍሎራይድ መልሶ ይለቃል። በናልጎንዳ ዘዴ ሁለት ባልዲ የሚደረገውም ለዚህ ነው፤ የጠራው ወደ ሌላው ይገለበጣል። ኦፕሬተሩ ማታ ኬሚካል ጨምሮ ጧት የሚከፍት ከሆነ 0.8ም 3.1ም ሳይሆን ሌላ ቁጥር ነው ሰው የሚጠጣው።

ስፓድንስ570፦
የኖራና_አሉም 600 ላይ ሌላም ነገር አለ። ከ600 ሚ.ግ/ሊ አሉም 260 ያህል ሰልፌት ይወጣል። ሰልፌት 200 ሚ.ግ/ሊ ስፓድንስን ወደ ላይ 0.1 ይገፋዋል። ስለዚህ የታከመ ውሃ ላይ አሉሚኒየሙ ወደ ታች፣ ሰልፌቱ ወደ ላይ እየጎተቱት ነው። አሉሚኒየሙ ሲያንስ ሰልፌቱ ብቻውን ይቀርና 1.4 የሆነውን 1.5 ያስብላል። ወሰኑ ጠርዝ ላይ ያለ ናሙና በስፓድንስ አይፈረድበትም።

አዋሽ_ላብ፦
አሉሚኒየሙን በኤሪዮክሮም ሳያኒን ለካነው፣ 0.9 አለ። በ0.9 አሉሚኒየም 2.3 ፍሎራይድ እንዴት ይደበቃል?

ላንታነም፦
አይደበቅም፣ 0.9ኙ ራሱ ሐሰት ነው። ፍሎራይድ አሉሚኒየሙን ይዞ ከቀለሙ ያስጥለዋል። በፍሎራይድ ልኬት አሉሚኒየም እንደሚያሳስተው በአሉሚኒየም ልኬት ደግሞ ፍሎራይድ ያሳስታል። ዘዴው ለፍሎራይድ የማስተካከያ ሠንጠረዥ አለው፣ ግን ሠንጠረዡ ትክክለኛውን ፍሎራይድ ይጠይቅሃል፤ አንተ ደግሞ እሱን ነው የምትፈልገው። አቶሚክ አብዞርፕሽን ያለው ላብ ላክ። ለአሉሚኒየም ናይትረስ ኦክሳይድና አሴቲሊን ነበልባል ያስፈልጋል፣ 309.3 ናኖሜትር ላይ። በአየርና አሴቲሊን ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ላይ አሉሚኒየም አይነበብም፤ ላቡ ይህን እንዳለው ጠይቀህ ላክ፣ ካልሆነ ከ0.1 በታች የሚል ወረቀት ይመለስልሃል።

ወደ አቶሚክ የሚሄደው ጠርሙስ በናይትሪክ አሲድ ፒኤቹ ከ2 በታች ይደረጋል። የፍሎራይዱ ጠርሙስ ግን ምንም አይጨመርበት፤ ፕላስቲክ ይሁን እንጂ እስከ 28 ቀን ይቆያል። ሁለቱን በአንድ ጠርሙስ ለመጨረስ ፍሎራይዱን አሲድ ያደረገ ሰው ፍሎራይዱን አበላሽቶታል።

ዳላስ_ውሃ፦
ከውጭ ሆኜ ነው የምከታተለው። የፍሎራይድ ስትሪፕ ወይም ትንሽ ኮሎሪሜትር ገዝቼ ብልክ ይጠቅማል? እዚህ ያለው ወሰን 4.0 ነው፣ እዚያ ለምን 1.5 ሆነ?

ስፓድንስ570፦
ስትሪፕ አትላክ። 1.2ን ከ1.9 ለመለየት የዓይን ቀለም አይበቃም፣ የምንከራከረው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ኮሎሪሜትር ይጠቅማል፣ ግን የተለመደው የስፓድንስ ሪኤጀንት ሶዲየም አርሴናይት አለበት፤ በአየር መንገድ ሻንጣ አይሄድም፣ ቆሻሻውም መጸዳጃ ቤት አይደፋም። አርሴኒክ የሌለበት ስፓድንስ 2 የሚባል አለ፤ ከላክህ እሱን፣ በሕጋዊ ጭነት። ገንዘቡ ከበቃ ኤሌክትሮድ ላክ፤ ሪኤጀንቱ እዚሁ ይዘጋጃል።

የአሜሪካው 4.0 የሕግ ጣሪያ ነው፣ አጥንትን ለመከላከል የተቀመጠ። ፍሎራይድ ለሚጨመርበት ውሃ እዚያው የሚመከረው 0.7 ነው። በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ሰው ብዙ ውሃ ይጠጣል፣ ከምግቡም ያገኛል፤ ስለዚህ በ4.0 አትለካው።

አጥንት_ከሰል፦
በአጥንት ከሰል የሚያክሙ ካሉ ይህ የአሉሚኒየም ጣጣ የለባቸውም። ሌላ አለ፦ አዲስ የተሞላ ከሰል ፎስፌት ይለቃል፣ ፎስፌት 16 ሚ.ግ/ሊ ስፓድንስን ወደ ላይ 0.1 ያሳስታል። ኤሌክትሮድ ግን ፎስፌትን አያየውም። አክቲቬትድ አሉሚና ያላቸው ደግሞ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ካደሱት በኋላ የሚወጣውን የመጀመሪያ ውሃ ይጠንቀቁ፤ ፒኤቹ እስኪወርድ አሉሚኒየም ይዞ ይወጣል፣ እናም ከላይ የተባለው ሁሉ ይመለሳል።

ሻላ_ተማሪ፦
ይቅርታ ትንሽ ከርዕሱ ልውጣ። የሻላ ሐይቅ ናሙና ላይ ቲሳብ ስጨምር ይፈላል፣ ንባቡም አይረጋም።

ቢከር_በቀን40፦
የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሻላና አቢጃታ ፍሎራይዳቸው ከ100 ሚ.ግ/ሊ በላይ ነው፤ ፒኤቹ ወደ 10 ይጠጋል፤ ካርቦኔቱ ቲሳቡን ያሸንፈዋል። በመጀመሪያ 100 ጊዜ አቅጥን፦ 1 ሚሊሊትር ወደ 100። ከዚያ ቲሳብ ጨምረህ የድብልቁን ፒኤች ለካ፤ ከ5.0 እስከ 5.5 ካልሆነ አትመዝግብ። ከዚህ እጅግ በላይ ከወጣ ሃይድሮክሳይድ እንደ ፍሎራይድ ይነበባል፣ ከወረደ ፍሎራይዱ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ሆኖ ከኤሌክትሮዱ ይሰወራል።

ጤፍ_ናሙና፦
ውሃው 1.5 ቢሆን እንኳ ምግቡ ይቆጠራል። በዚያው ውሃ የተቦካ ሊጥ፣ በዚያው የተፈላ ሻይ፣ በዚያው የተሠራ ወጥ አለ። ማፍላት ፍሎራይድ አያስወጣም፤ ውሃው ሲተን የቀረው ይጠነክራል። ሻይ በተለይ ከባድ ነው፤ ቅጠሉ ራሱ ፍሎራይድ ያከማቻል፣ አሉሚኒየምም ያከማቻል። የሻይ ውሃ በመደበኛ ቲሳብ በ5 ደቂቃ የሚለካ ሰው የአዋሽ_ላብን ስህተት በጽዋ ይደግመዋል። 2 ግራም ቅጠል በ200 ሚሊሊትር፣ 5 ደቂቃ ፈልቶ፣ ተጣርቶ፣ ሲበርድ በታርትሬቱ ቲሳብ፣ 1 ሰዓት።

እንጀራና ጤፍ ግን ለፍሎራይድ ልኬት በአሲድ አይሟሟም፤ ፍሎራይዱ ይተናል። በአልካሊ ይቀልጣል፦ የደረቀና የተፈጨ 0.5 ግራም በኒኬል ክሩሲብል፣ 6 ሚሊሊትር 17 ኖርማል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በ150 ዲግሪ ኦቨን 1 ሰዓት። ከዚያ ፈርነስ ውስጥ 300 ላይ አስገብተህ ወደ 600 አውጣው፣ 30 ደቂቃ። በአንድ ጊዜ 600 ላይ ከገባ ይረጫል፣ ናሙናው ግድግዳ ላይ ይቀራል። ሲበርድ 10 ሚሊሊትር ውሃ፣ ትንሽ ሙቀት፣ ከዚያ ኮንሰንትሬትድ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 8 ሚሊሊትር ያህል በጣም በቀስታ፣ ፒኤቹ 8 እና 9 መካከል እስኪሆን። እዚያ ላይ አሉሚኒየሙ ይዘቅጣል፤ አጥርተህ 100 ሚሊሊትር አድርስ። ከ8 በታች ካለፈህ አትመልሰው፣ ሌላ ናሙና ጀምር።

ብላንኩን አትርሳ፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ራሱ ፍሎራይድ ሊኖረው ይችላል። ስታንዳርዶቹንም በቀለጠው ብላንክ ውስጥ አዘጋጅ፤ ጨዉ ከንፁህ ውሃ በጣም የራቀ ነው። ጤፉ ላይ የተጣበቀ አፈር ደግሞ ከጤፉ ራሱ የበለጠ ፍሎራይድ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ታጥቦና ሳይታጠብ ሁለቱንም ለካ።

ከዝዋይ_በታች፦
በዚያው ናሙና አርሴኒክም ማየት ይቻላል? ስምጥ ሸለቆ ላይ ይኖራል ይባላል።

ላንታነም፦
ይኖራል፣ ግን በኤሌክትሮድም በስፓድንስም አይታይም። ወሰኑ 10 ማይክሮግራም በሊትር ነው፣ ከፍሎራይዱ 150 ጊዜ ያነሰ። የመስክ ኪቱ ዚንክና አሲድ ጨምሮ አርሲን ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙ ሜርኩሪክ ብሮማይድ ያለበትን ወረቀት ያቢጫል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያለበት ፍል ውሃ ወረቀቱን ያጠቁረዋልና መጀመሪያ ማስወገጃውን ተጠቀም። ጋዙ መርዝ ነው፤ ክፍት ቦታ ሥራው። 10 አካባቢ ያለ ቀለም በዓይን አይወሰንም፤ አሲድ የተጨመረበት ጠርሙስ ወደ ትልቅ ላብ ይሂድ። ጉድጓዶቹን ደግሞ በየራሳቸው ለካ፤ እዚያ አካባቢ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጉድጓዶች በጣም ይራራቃሉ።

አዋሽ_ላብ፦
ውጤቱ መጥቷል።

ያልተጣራ፣ በታርትሬት ቲሳብ፦ በ1 ሰዓት 3.4፣ በ24 ሰዓት 3.4።
የተጣራ፣ በዚያው፦ 2.7።
ስፓድንስ በእኩል ቀጥኖ 2 ሰዓት ቆይቶ፦ 3.2።
አሉሚኒየም በአቶሚክ፦ ያልተጣራ 2.8፣ የተጣራ 2.0።

ኖራው ቆሟል። ጃር ቴስቱ ያለ ኖራ 600 ላይ ፒኤች 6.6 ሰጥቷል፣ ፍሎራይዱ ግን 1.9 ነው።

ላንታነም፦
ሂሳቡ ይገጥማል። 3.4 ሲቀነስ 0.8፣ 2.6 ሚ.ግ/ሊ ፍሎራይድ፣ 0.137 ሚሊሞል። 2.8 ሚ.ግ/ሊ አሉሚኒየም 0.104 ሚሊሞል። ለአንድ አሉሚኒየም 1.3 ፍሎራይድ፤ ስፓድንስ አሲድ ውስጥ የሚጠበቀው ነው። ሪፖርቱ ላይ 3.4ን አስገባ፣ ያልተጣራ መሆኑን፣ የቲሳቡን ዓይነትና የጠበቅከውን ሰዓት አብረህ ጻፍ። የሚከራከር ከመጣ ዲስቲሌሽን አለ፦ 300 ሚሊሊትር ናሙና ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር እስከ 180 ዲግሪ፣ ከዚያ አይለፍ፤ ካለፈ ሰልፌት ይሻገራል። አሉሚኒየሙ ፍላስኩ ውስጥ ይቀራል።

ኖራና_አሉም፦
1.9 ላይ ከቆመ 800ን ሞክር፣ ፒኤቹ ከ6 እንዳይወርድ እያየህ። ከ8.4 ተነስቶ ከ1.5 በታች በአሉም ብቻ መግባት ከባድ ነው፣ ዝቃጩም ይበዛል። ከአሉሙ በኋላ ትንሽ የአጥንት ከሰል ኮለም ማስቀመጥ ዶዙን ከማሳደግ ይረክሳል። ሰልፌቱንም አስላው፤ 600 ላይ ራሱ 250ን ያልፋል፤ ሲበዛ ሰው ጣዕሙን ይጠላና ወደ ድሮው ጉድጓድ ይመለሳል።

አዋሽ_ላብ፦
ኮለሙ ይሞከራል። የታርትሬት ቲሳቡ በሦስተኛው ሳምንት ደመና መሰለ፣ ይጣል?

ቢከር_በቀን40፦
ይጣል። ታርትሬትና ሲትሬት ሻጋታ ያበቅላሉ። በትንሽ በትንሹ፣ 250 ሚሊሊትር እያደረግክ አዘጋጅ፣ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጥ፤ ከመለካትህ በፊት ግን ወደ ክፍል ሙቀት ይመለስ፣ ስታንዳርዱና ናሙናው በአንድ ዲግሪ ውስጥ ካልተቀራረቡ ስሎፑ ይለያያል።